ከቤቴ በቴሌግራም የወጣው ፍሪኩዌንሲ፦ የአማተር ሬዲዮ ውድድሩን ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ልላክ ወይስ ልተወው?

የጅሬን ሽቦ (ጅማ) — ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ፣ ጥቅምት 17 እና 18፣ የዓለም አማተር ሬዲዮ ሠራተኞች በ48 ሰዓት ውስጥ ብዙ ጣቢያ ለማግኘት በሚሽቀዳደሙበት በሲኪው ወርልድ ዋይድ የድምፅ ውድድር ላይ በክለባችን የጥሪ ምልክት፣ ማለትም በጣቢያው መለያ ስም፣ ተሳትፌ ነበር። ጣቢያው ያለው ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። መሣሪያዬም አንድ ባለ 100 ዋት ሬዲዮ፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ የተወጠረ የ40 ሜትር ባንድ (የሞገድ ክልል) ዳይፖል የተባለ የሽቦ አንቴና፣ ከእሱም ጎን ለ20፣ ለ15 እና ለ10 ሜትር የተቆረጡ ሽቦዎች ናቸው። የገባሁበት ምድብ አንድ ኦፕሬተር፣ ያለ እገዛ፣ አነስተኛ ኃይል የሚባለው ነው። ለአዲሶች ስል ልግለጸውና፣ ያለ እገዛ ማለት ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ክላስተር የተባለ የኢንተርኔት ሰሌዳ ሳያዩ፣ ማዞሪያውን እያሽከረከሩ በገዛ ጆሮ ብቻ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው።

ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በ14.212 ሜጋኸርዝ ላይ ብጣራ ብጣራ የሚመልስልኝ እየሳሳ ሄደ። የ15 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ቡና ይዞልኝ ገብቶ ትንሽ ቆሞ አዳመጠና ወጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት 20 ደቂቃዎች ውስጥ 31 ግንኙነት መዘገብሁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሙሉ ሰዓት ያገኘሁት ግን 14 ብቻ ነበር። ባንዱ ተከፈተ፣ ሞገዱ ሩቅ መድረስ ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ሰኞ ዕለት ግን ልጁ በሬዲዮው መስኮት ላይ ያለውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ የብዙ አገር አማተሮች ባሉበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «አጎቴ ከኢትዮጵያ እዚህ ላይ ነው፣ ጥሩት» ብሎ መለጠፉን ተረዳሁ። እኔ አላዘዝሁትም፣ አላወቅሁምም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይህ ነው። በዚያው ሌሊት ከ5 ሰዓት ከ20 እስከ 7 ሰዓት መብራት ጠፍቶብኝ ነበር። ሬዲዮውን በመኪና ባትሪ ላይ አዙሬ ቀጠልሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን ስለጠፋ 47 ግንኙነቶችን በደብተር ላይ በእጅ ጻፍሁ፣ ያውም በእኛ ሰዓት አቆጣጠር። ከእነርሱ አንዱ የጥሪ ምልክት መጨረሻው ዩ ይሁን ቪ ከራሴ ጽሕፈት ላይ መለየት አቅቶኛል።

ሎግ የሚላክበት የመጨረሻው ጊዜ ዓርብ በዓለም አቀፍ ሰዓት 23:59 ነው፣ በእኛ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቦዬ ዳር (ጅማ)

ጋሼ፣ በቅድሚያ በርቱ። እኔ ግን ጉዳዩን ከሚገባው በላይ ያከበዱት ይመስለኛል። የሚወዳደሯቸው ሰዎች 30 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ላይ በሞተር የሚሽከረከር አንቴና ሰቅለው፣ መብራት መቼ ይጠፋብኝ ይሆን ብለው ሳይሰጉ 48 ሰዓት ሙሉ የሚሠሩ ናቸው። እርስዎ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በመኪና ባትሪ ነው የሠሩት። ልጁ የጻፋት አንዲት መስመር ሚዛኑን ወደየት ታጋድለዋለች? ደግሞስ ማን ያውቃል? ያለ እገዛ ብለው ይላኩት።

አሮጌ ቁልፍ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ ቦዬ ዳር፣ የመጨረሻዋን ጥያቄህን አስቀድሜ ልመልስ፤ የሚያውቅ አለ። የዚህ ውድድር ሎጎች በሙሉ በኮምፒውተር እርስ በርሳቸው ይመሳከራሉ። እኔ ከአንተ ጋር ተነጋገርሁ ብዬ ስጽፍ ያንተ ሎግ ይከፈትና ስሜ ይፈለጋል። በዚያ ከሌለሁ ግንኙነቱ ይሰረዝብኛል፣ በላዩም ተጨማሪ የነጥብ ቅጣት ይከተለዋል። የጥሪ ምልክትህን በአንድ ፊደል ብሳሳት እንዲሁ የምቀጣው እኔው ነኝ። ከዚህም በላይ የውድድሩ ኮሚቴ ባንዶቹን ከዳር እስከ ዳር የሚቀዱ መቀበያዎች ያሰባሰቡትን ቅጂ ይመለከታል፤ ከፊት የተሰለፉ ተወዳዳሪዎችንም የራሳቸውን የድምፅ ቅጂ ሊጠይቅ ይችላል። ያለ እገዛ ነኝ ያለ ሰው በክላስተር ላይ አንድ ብርቅ ጣቢያ በተለጠፈ ቁጥር ከግማሽ ደቂቃ በኋላ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ ይህ ልማዱ በሎጉ ላይ ተጽፎ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የውድድሩ ደንብ በውድድሩ ሰዓት በስልክ፣ በኢንተርኔት፣ በመልእክት መላላኪያ ወይም በማኅበራዊ መገናኛ ግንኙነት መለመንን ይከለክላል። ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ አንድ ጣሊያናዊ፣ ሰምቶህ በገዛ ፈቃዱ ክላስተር ላይ ቢለጥፍህ ጥፋት የለብህም፣ ይህ በየደቂቃው የሚሆን ነገር ነው። ልዩነቱ ያለው መልእክቱ ከየት ወጣ የሚለው ላይ ነው። ጣሊያናዊው ያወቀው በአንቴናው ስለሰማህ ነው፤ ልጁ ግን ያወቀው በክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሬዲዮውን ቁጥር ስላየ ነው። ከጣቢያው ክፍል ውስጥ የወጣ መልእክት የጣቢያው መልእክት ነው፤ ባለቤቱ አላዘዝሁም ቢልም የጣቢያው ኃላፊ እሱ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አላመነታም።

ራስን ማስታወቅ የፈቀዱ ውድድሮችም አሉ፤ ስለዚህ አንዱን ደንብ አንብቦ ለሌላው መጠቀም አይቻልም። የየዓመቱን ደንብ በየዓመቱ ማንበብ ግድ ነው።

ስለ ማማውና ስለ ባሕር ዛፉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሚዛን ካነሣን ሚዛኑ ለእኛም እንደሚያጋድል መርሳት የለብንም። በዚህ ውድድር አንድ ጀርመናዊ ፈረንሳይን ሲያገኝ አንድ ነጥብ ነው የሚያገኘው፣ እኛ ግን ከአፍሪካ ሆነን ፈረንሳይንም ጀርመንንም ስናገኝ ሦስት ሦስት ነጥብ እንቆጥራለን፣ ምክንያቱም አህጉሩ ይለያያል። ሳዑዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር ማዶ ሆና ሦስት ነጥብ ታስገኝልናለች፤ ከእርሷ ይልቅ እጅግ የምትርቀው ደቡብ አፍሪካ ግን አንድ ብቻ። የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ካናሪ ደሴቶችና ወደ ማዴይራ የሚሄዱት ደሴቶቹ በውድድሩ ደንብ አፍሪካ ተብለው ስለሚቆጠሩ ነው። እኛ አውሮፕላን ሳንሳፈር እዚያው ነን። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በየባንዱ እንደ አዲስ አገር ስለምትቆጠር ሁሉም ይፈልገናል። ይህን ሁሉ ሳናማርር ተቀብለን ማማውን ብቻ ብንቆጥር ትክክል አይሆንም።

ቦዬ ዳር (ጅማ)

ስለ ሦስቱ ነጥብ አላሰብሁበትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጋሼ እነዚያን 31 ግንኙነቶች ከሎጉ ላይ ያውጧቸውና የቀረውን ይላኩ። ያልተገባ ጥቅም ተመለሰ ማለት ነው።

ዞን 37 (አዲስ አበባ)

እንዳያደርጉት! ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ጉዳቱ የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ ነው። እነዚያ 31 ሰዎች ኢትዮጵያን በሎጋቸው ላይ ጽፈው ልከዋል። ሲመሳከር በእኛ ሎግ ውስጥ አይገኙም፤ ያን ጊዜ ግንኙነቱ ይሰረዝባቸዋል፣ ቅጣትም ይጨመርባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ዞን 37ን፣ ውድድሩ ዓለምን ከከፈለባቸው ዞኖች እኛ ያለንበትን፣ በዚያ ባንድ ላይ ያገኙት በእኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ማባዣቸውንም፣ ነጥባቸው የሚባዛበትን ቁጥር ማለቴ ነው፣ ጭምር ያጣሉ። እኛ ንጹሕ ለመሆን ስንል ምንም ያላጠፋውን ሰው እንቀጣለን ማለት ነው። ድግግሞሽ የሆኑ ግንኙነቶችን እንኳ አውጥቶ መጣል አያስፈልግም፣ ኮምፒውተሩ ያለ ቅጣት ይለያቸዋል። ሎግ በአየር ላይ የሆነውን ሁሉ፣ እንደሆነ መያዝ አለበት።

ለዚህ ዓይነት ሁኔታ የተዘጋጀ ምድብ አለ፣ ቼክሎግ ይባላል። ሙሉው ሎግ ይላካል፣ ለሌሎች ማመሳከሪያ ሆኖ ያገለግላል፣ ላኪው ግን በደረጃ ሰንጠረዡ ውስጥ አይገባም። ካብሪሎ በተባለው የሎግ ፋይል ራስጌ ላይ ምድቡን መቀየር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሶፕቦክስ በሚለው የአስተያየት መስመር ላይ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍም ይቻላል።

ደብተሩን በተመለከተ፣ በእጅ የተጻፈን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ምንም ክልከላ የለበትም፤ ሰዓቱን ግን ተጠንቅቀው ይለውጡ። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ በቀን ሰዓት ላይ 3 ይደምሩ፣ በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ይደምሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ 06:00 ነው፤ ከሌሊቱ 5:20 ደግሞ 20:20። ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ መብራት በጠፋበት ጊዜ የተጻፈው ሁሉ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያለውም ጭምር፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና ቅዳሜ ነው። ፈረንጁ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ስለሚቀይር ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን፤ ቅዳሜ ሌሊት የሚለው የእኛ አነጋገር በዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። በፋይሉ ላይም ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 28 መሆን አለበት፣ ጥቅምት 17 ብሎ የላከ ወዳጅ ስላለኝ ነው ይህን የማነሣው።

ዩ ይሁን ቪ ለሚለው ጥያቄ፣ በዚያው ደብተር ላይ ሌሎች ዩዎችን እንዴት እንደጻፉ ያስተያዩና ከወረቀቱ ብቻ ይወስኑ። ከውድድሩ በኋላ የጥሪ ምልክትን በመረጃ ቋት፣ በድምፅ ቅጂ ወይም ባለቤቱን በመጠየቅ ማረም በደንቡ የተከለከለ ነው። ቢሳሳቱም ይሳሳቱ።

ውድድር አይጥመኝም (ሐዋሳ)

ስለ ፍትሕ ካነሣችሁ አይቀር ከውድድሩ ውጭ ያለነውንም አስታውሱን። እኔ ቅዳሜ ማታ በ40 ሜትር ከወዳጆቼ ጋር እጨዋወታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዱ መጥቶ ፍሪኩዌንሲው ተይዟል ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ በላያችን ላይ ጥሪውን ጀመረ፤ ተይዟል ብንለውም የሰማን አልመሰለውም። ድምፁን ለማጉላት ሲል ማይክሮፎኑን ከልክ በላይ ከፍቶት ስለነበር የንግግሩ ፍንጣሪ ከላይም ከታችም በርካታ ኪሎኸርዝ ይዞ ነበር። 100 ዋት ሆኖ እንደ 1500 ዋት መረበሽ ይቻላል ለካ!

የጅሬን ሽቦ (ጅማ)

ወንድሜ፣ ያ ሰው እኔ እንዳልሆንሁ ተስፋ አደርጋለሁ፣ በ40 ሜትር ላይ የሠራሁት መብራት ከጠፋ በኋላ ነበርና። ቅሬታው ግን ትክክል ነው። አፍሪካና አውሮፓ ባሉበት በእኛ የሬዲዮ ክልል የባንድ አመዳደብ መሠረት ውድድር በ40 ሜትር ከ7.060 እስከ 7.100 እና ከ7.130 እስከ 7.200፣ በ20 ሜትር ደግሞ ከ14.125 እስከ 14.300 ቢሆን ይመረጣል። በመካከል የተተወው ክፍተት ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ጨዋታ ነው፣ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ የተመደበው 7.110ም የሚገኘው እዚያው ነው። የ14.300ን አካባቢ እኔ በሁለት በሦስት ኪሎኸርዝ እርቀዋለሁ። በ30፣ በ17 እና በ12 ሜትር ባንዶች ላይ ደግሞ ፈጽሞ ውድድር ስለማይደረግ፣ በእነዚያ ቀናት ጨዋታችሁን ወደ 17 ሜትር ብታዛውሩ ሰላም ታገኛላችሁ። ይህን ስል ግን ሳይጠይቁ መግባትን ለማጽደቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ መጠየቅ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

የሽቦ መምህርት (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከተማሪዎች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የማዳመጥ ልምምድ አደርጋለሁ። አንዲት ተማሪ ባለፈው ቅዳሜ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ የጠየቀችኝን ጥያቄ ሳልመልስ ቀርቻለሁና እናንተ መልሱልኝ። በውድድሩ ላይ ሁሉም ሰው «አምሳ ዘጠኝ» ይላል፤ አምሳ ዘጠኝ ማለት በግልጽና በጣም ጠንካራ ሆነህ ትሰማለህ ማለት ነው። ነገር ግን አንዱ ጣቢያ የሌላውን ስም አራት ጊዜ አስደግሞ፣ በጭንቅ ከሰማው በኋላ፣ «አምሳ ዘጠኝ» አለው። ልጅቷ «መምህርት፣ ይኼ ውሸት አይደለም ወይ?» አለችኝ። የቴሌግራሙን ነገር እያወገዝን ይህን ዝም ካልን ለልጆቹ ምን እንላቸዋለን?

ሌላው፣ ሚዛን ስለሚባለው ነገር። ባለፈው ሐምሌ በጣሊያን ቦሎኛ አካባቢ የተካሄደውን የዓለም የሬዲዮስፖርት ቡድኖች ሻምፒዮና ለተማሪዎቼ በምሳሌነት አንሥቼላቸው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ሊደረግ ታስቦ በወረርሽኙ ምክንያት በአንድ ዓመት የተራዘመው ማለቴ ነው። እዚያ ሁለት ሁለት ሰው ያለው እያንዳንዱ ቡድን ተመሳሳይ አንቴና፣ ተመሳሳይ ኃይልና ተመሳሳይ የመሬት አቀማመጥ ተሰጥቶት፣ በድንኳኑ ውስጥ ዳኛ ተቀምጦበት፣ 24 ሰዓት ይወዳደራል። በሌሎቹ ውድድሮች ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ ዳኛው በክፍሉ ውስጥ የለም።

አሮጌ ቁልፍ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ተማሪዋ የጠየቀችው ጥያቄ እኔ በሞርስ ቁልፍ ከጀመርሁ ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው። «አምሳ ዘጠኝ» በውድድር ላይ መረጃ መሆኑ ቀርቶ እንደ «ጤና ይስጥልኝ» ሆኗል። ጤና ይስጥልኝ ያለህ ሰው ስለ ጤናህ እንዳልመረመረ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፣ ማንም አልተታለለም። እውነተኛው ልውውጥ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የዞን ቁጥር፣ በእኛ 37፣ እና የጥሪ ምልክቱ ነው፤ እነዚህን በትክክል ሳይሰሙ ሰምቻለሁ ማለት ግን ውሸት ነው። አንዳንድ ሰው ብርቅ ጣቢያ ሲጠራው ግማሹን ብቻ ሰምቶ የቀረውን ከኮምፒውተሩ የስም ዝርዝር ይሞላል። ተማሪዋ ያንን ብትይዝ ኖሮ እኔም አብሬያት እፈርድ ነበር። እውነተኛ ሪፖርት መስጠትም በደንብ አልተከለከለም፤ «ሠላሳ ሦስት» ቢሉ ማንም አይቀጣቸውም፣ ሰሚው ግን ተደናግጦ ያስደግማቸዋል።

በነገራችን ላይ ተማሪዎችሽ ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ፣ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውን የኢቲ 3 ኤኤ የክለብ ጣቢያ እንዲያዩ ብታደርጊ መልካም ነው። ፓይልአፕ የሚባለው ትርምስ፣ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠራ ማለት ነው፣ በቃል ሲነገር አይገባም። እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፍትሕ አለ። «መጨረሻው ኪሎ (ኬ የሚለው ፊደል) የሆነ ጣቢያ» ብለህ ከጠራህ፣ ሌሎቹ ቢጮኹም ኪሎን ሳትጨርስ ለሌላ አትመልስ። አንድ ጊዜ ለጯሂ ከመለስህ ቀሪዎቹ ሁሉ ጯሂ ይሆናሉ፣ እስከ ሌሊቱ መጨረሻም አታስተካክላቸውም።

ቦዬ ዳር (ጅማ)

ጋሼ፣ ሐሳቤን ትቻለሁ። አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ሌላው ሰው በቴሌግራም ሲለምን ማንም ሳያየው ደረጃ ይዞ ይወጣል፣ እርስዎ ግን ተናግረው ከሰንጠረዡ ይወጣሉ። 48 ሰዓት ሙሉ የደከሙበት ነው።

የጅሬን ሽቦ (ጅማ) — ዓርብ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሎጉን ቼክሎግ ብዬ ልኬዋለሁ። በጠቅላላው 612 ግንኙነት ነው፣ 31ዱም በቦታቸው አሉ። በአስተያየቱ መስመር ላይ በውድድሩ ሰዓት የጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ከጣቢያው ክፍል በቴሌግራም መለጠፉን፣ ሰዓቱንም ጨምሬ፣ ጽፌአለሁ። የደረሰኝ መልስ ኮምፒውተሩ የሚልከው የመቀበያ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይም አልጠበቅሁም።

ቦዬ ዳር ላነሣው፣ እውነት ለመናገር ቅር ብሎኛል። በተለይ እሑድ ከሰዓት በኋላ በ10 ሜትር ላይ ያሳለፍኋቸው ሁለት ሰዓታት በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ፣ ቴሌግራሙም አልነካቸውም። ነገር ግን ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከመጡት መካከል የትኛው በጆሮው፣ የትኛው በስልኩ እንዳገኘኝ ለይቼ መናገር አልችልም። አንደኛውን ግን አውቀዋለሁ፤ ገና የጥሪ ምልክቴን ሳልጨርስ ስሙን ነግሮኝ በሳቅ ለልጁ ሰላምታ ላከ። ያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ደብተሩን ስገለብጥ ዞን 37 ያስጠነቀቁኝን ስሕተት በእርግጥ ሠርቼው አገኘሁት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያሉትን 22 መስመሮች እሑድ ብዬ ጽፌአቸው ነበር፤ አስተካክያለሁ። ዩ ወይስ ቪ የተባለውን ደግሞ በስልኬ መብራት ሥር ከሌሎቹ ዩዎች ጋር አስተያየሁት። እኔ ዩን ስጽፍ በስተቀኝ ትንሽ ጭራ አወጣለሁ፤ ይኼኛው ጭራ የለውም፣ ልክ ጭራው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን የቡና ጠብታ አርፎበታል። ቪ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ደንቡን ግን በአማርኛ እየተረጎምሁ አነበብሁለት። ለኅዳር 15 እና 16ቱ የሞርስ ውድድር አጠገቤ ተቀምጦ ማዳመጥ ይችል እንደሆነ ጠይቆኛል። ይችላል፤ ስልኩ ግን እናቱ ዘንድ ይቀመጣል ተባብለናል።